የፒክአፕ ካኖፒን በራስ እጅ ማሰናዳት፦ ለጅማ ዝናብና መንገድ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ኅዳር ከአጋሮ ወዲያ የቡና ለቀማ ላይ ነበርን። መሸብኝና ፒክአፑ ኋላ ላይ አደርኩ። ሌሊቱን ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ጠዋት ስነሳ ግን ብርድ ልብሱ ረጥቧል። ለናሙና የያዝኩት የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ከረጢትም ጫፉ እርጥብ ነው። የካኖፒውን፣ ማለትም የፒክአፑን ኋላ የሚሸፍነውን ክዳን፣ ጣሪያ በእጄ ስነካው ውሃ በክንዴ ላይ ወረደ። ቀዳዳ ፈለግሁ፤ የለም። ውሃው የራሴ ትንፋሽ ነበር።

አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ቢያንስ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ይለቃል። ሁለት ሰው ሲሆን ግማሽ ሊትር። ይህ እርጥበት መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ያርፍና መልሶ ይንጠባጠባል። ከዚያን ቀን ወዲህ የካኖፒን ሥራ የማየው በሌላ ዓይን ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ አይታመንም። እዚህ ፒክአፕ ላይ ማደሪያ የሚያሰናዳ ሰው መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው ለአልጋም ለመብራትም መሆን የለበትም። ከውጭ የሚገባውን ውሃ ይዝጋ፤ ከውስጥ የሚነሳውን ያስወጣ። ከታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ነው።

የኔ መኪና ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ልኬቶቹን የምሰጠው በሱ ነው። ዲማክስ ወይም ሌላ ያላችሁ ሜትር ይዛችሁ የራሳችሁን ለኩ። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት አልጋ ላይ ትልቅ ነገር ነው።

ሸራ፣ ላሜራ ወይስ ፋይበር ግላስ?

ሸራ ከሁሉም ርካሽና ቀላል ነው። በያጁ ከቀጭን ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) አጥንቱን ይሠራል፣ ሸራ ሰፊው በልኩ ይሰፋል፣ አለቀ። ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ጥቅም አለው። የጥጥ ሸራ ይተነፍሳል። ከሱ ሥር ያደረ ሰው እንደኔ ረጥቦ አይነሳም። ፕላስቲክ የተቀባው፣ የጭነት መኪና የሚሸፈንበት ሸራ ግን አይተነፍስም። እሱን ከመረጣችሁ የአየር ጉዳይ እንደ ላሜራው ሁሉ ያሳስባችኋል። የሸራ ዋናው ድክመት ሌባ ነው። በምላጭ ይቀደዳል። ማታ ማታ መኪናችሁን መንገድ ዳር የምታቆሙ ከሆነ ውስጡ ዋጋ ያለው ነገር ማስቀመጥ አይቻልም።

ላሜራ የብዙዎቻችን ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም በያጅ የሌለበት ከተማ የለም። ጅማ ላይ ቢሰነጠቅ፣ ቦንጋ ላይ ቢሰነጠቅ፣ ሊሙ ላይ ቢሰነጠቅ በግማሽ ሰዓት ይጠገናል። በፈለጋችሁት ቁመትና ቅርጽ ይሠራል። የሚጎዳው ክብደቱ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥር እንቁጠር። ለባለ ሁለት ጋቢና የሚሆን ካኖፒ ጣሪያውና ጎኖቹ ሲደመሩ 6 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንድ ካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ላሜራው ብቻ 47 ኪሎ ነው። 25 ሜትር ባለ 30 በ30 ቱቦላሬ ሲጨመርበት 80 ይደርሳል። በር፣ መስታወትና ማጠፊያ ሲገባ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። በያጁ «ጠንካራ ይሁንልህ» ብሎ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ካቀረበ፣ ላሜራው ብቻውን 70 ኪሎ ይሆናል። ያ ሁሉ ክብደት የሚቀመጠው ከላይ ነው። የጊቤ በረሃን ቁልቁለት በጭነት የወረደ ሰው ከላይ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚወዛወዝ ያውቃል። 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጥንካሬው ከአጥንቱ ይምጣ።

ሁለተኛው የላሜራ ጣጣ ዝገት ነው። የሚጀምረው ሁልጊዜ ብየዳው ላይና የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ነው። በያጆች ጊዜ ለመቆጠብ ላሜራውን አጥንቱ ላይ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ አድርገው ይበይዱታል። በነጥቦቹ መካከል ውሃ ይገባል፣ አይወጣም፣ በሁለት ክረምት ይበላዋል። ብየዳው በግራይንደር ይስተካከል። አንቲ ረስት ይቀባ፤ ከቀለሙ በፊት፣ ደግሞም ከውስጥም ከውጭም። ክፍተቱ ሁሉ በማሸጊያ ይሞላ። ይህን ሥራ ለነገ አታሳድሩት። ጅማ ላይ ያልተቀባ ብረት ሌሊቱን ብቻ ውጭ አድሮ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይገኛል።

ፋይበር ግላስ የፋብሪካው ካኖፒ ነው። ለባለ ሁለት ጋቢና የሚሆነው ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል። አይዝግም፣ መስታወቱና ቁልፉ አብሮት ይመጣል፣ እንደ ላሜራም ቶሎ አይቀዘቅዝም። አዲሱ ውድ ነው። ያገለገለ ግን በጨረታ ከሚሸጡ የድርጅት መኪኖች ጋር አንዳንዴ ይገኛል። ያገለገለ ስትገዙ የመኪናውን ዘመን አረጋግጡ። እስከ 2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተሠራው፣ በተለምዶ ቪጎ የምንለው ሃይሉክስ፣ እና ከዚያ ወዲህ የመጣው ሬቮ የኋላቸው ልክ አንድ አይደለም። የአንዱ ካኖፒ ለሌላው በትክክል አይገጥምም፤ «ትንሽ በጎማ ይሞላል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። አራቱን ማዕዘን በጣታችሁ ዳብሱ። ፋይበር የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የኋላውን መስታወት አንሱና ለቀቅ አድርጉት። ቀስ ብሎ ከወረደ መደገፊያው ደክሟል፤ በንፋስ ቀን ራሳችሁ ላይ ይወድቃል።

የኔን ፍርድ ልንገራችሁ። መኪናው ውስጥ የምታድሩ ከሆነና በልኩ የሚገጥም፣ ያልተሰነጠቀ ያገለገለ ፋይበር ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ካላገኛችሁ የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ አሠሩ፤ ከአልጋ የተረፈውን ገንዘብ ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ ለቀለምና ለአየር ማስገቢያ አድርጉት። መኪናችሁ ነጠላ ጋቢና ሆኖ አንድ ቀን ሰው፣ አንድ ቀን ጆንያ፣ አንድ ቀን የቤት ዕቃ የሚያመላልስ ከሆነ ሸራ ይበቃል። በግማሽ ሰዓት አውልቃችሁ ትጥሉታላችሁ።

መበየድ፣ መብሳት ወይስ መንከስ?

ካኖፒውን ከመኪናው ጋር ማያያዝ ላይ ክርክር አያስፈልግም። ከስፖንዳው፣ ማለትም ከጭነት ቦታው የጎን ግድግዳ፣ ጋር አትበይዱት። ብየዳ የፋብሪካውን ቀለም ያቃጥላል፣ ዝገት ይጀምራል፣ መኪናውን ለመሸጥም ያስቸግራል። የመኪናውን አካል መለወጥ ስለሆነም ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ስታሳድሱ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ምንም ዓይነት ካኖፒ ብትመርጡ ከመጀመራችሁ በፊት የከተማውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል።

በትራፓን በስቶ በቡሎን ማሰር ይሻላል፤ ግን የተበሳው ጠርዝ ወዲያው ካልተቀባ ያው ዝገት ነው። ከሁሉ የሚሻለው እንደ ሞርሳ የስፖንዳውን ከንፈር የሚነክስ ማሰሪያ ነው። በያጅ ከወፍራም ብረት ይሠራዋል። በየጎኑ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ይበቃል። መጀመሪያ ያሰራችሁ ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። የኔ ሰቃ መንገድ ላይ ሁለቱ ላልተው አግኝቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ምንም ብየዳ መኪናው ላይ ተጭኖ ሳለ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ዘመናዊ መኪና ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የብየዳ ኃይል ያቃጥለዋል።

ማሸጊያ

ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ «ማሸጊያ» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በብዛት የሚገኘው ሲጨመቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ለመስታወትና ለመታጠቢያ ቤት ይሆናል እንጂ ለብረት አይሆንም። ሽታውን የሚያመጣው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል። በላዩም ቀለም አይይዝም። ለላሜራ መጋጠሚያ የሚሻለው የመኪና ቦዲ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፖሊዩረቴን ነው። ሲደርቅም እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ በኮረኮንች ላይ አይሰነጠቅም፣ ቀለምም ይቀበላል።

ካኖፒው ስፖንዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ግን ሌላ ነው። እዚያ ማሸጊያ ከተቀባ ማውለቅ ባስፈለገ ቁጥር መከራ ነው። ለሱ የስፖንጅ ጎማ አንጥፉበት። ሲጫን የሚሟሽሽ፣ ግን ውሃ የማይመጥ ይሁን። የተራ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ የሚያነጥፍ ሰው አይቻለሁ። ውሃውን ጠጥቶ ይዞ ስለሚቀመጥ ስፖንዳውን ከሥር ይበላዋል።

ሥራው ሲያልቅ ውስጡ ምንም ሳይገባ በፊት ፈትኑት። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። ሰው ውስጥ ገብቶ የእጅ ባትሪ ይያዝ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ከላይም ከጎንም ለ10 ደቂቃ ያጠጣ። የረጠበው ጋዜጣ የሚፈስበትን ቦታ ያሳያችኋል። ይህን የሚዘልል ሰው የሚያገኘው የመጀመሪያው ፈተና የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፍራሹ ገብቷል።

አቧራስ?

በጋ ላይ፣ በተለይ ጥርና የካቲት፣ ጠላቱ ይለወጣል። ወደ ጌራ ወይም ወደ ወረዳ ቀበሌዎች የሚገባው ቀይ አፈር ዱቄት ይሆናል። መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። የሳሳው አየር አቧራውን ወደ ኋላው መዝጊያ ይጎትተዋል፤ በሥሩ ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሃይሉክስ ላይ ትልቁ ክፍተት ማጠፊያው አካባቢ፣ ከታች ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክፍተቱን በጎማ መድፈን ብቻ ነው። ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። ሌላው ክፍተቱን ደፍኖ በጣሪያው የፊት ለፊት በኩል አየር የሚቀበል ትንሽ አፍ ማበጀት ነው። መኪናው ሲሄድ በዚያ የሚገባው አየር ውስጡን ይሞላል፤ ስለዚህ በኋላ በኩል አየር ይወጣል እንጂ አቧራ አይገባም። አፉ ላይ የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ይደረግበታል፤ ሲዘንብ የሚዘጋ ክዳንም ያስፈልገዋል። ሁለተኛውን ከሠራሁ ወዲህ ከረጢቶቼ ቀለማቸውን አልቀየሩም። የኋላውን መስታወት ከፍቶ መንዳት ግን መፍትሔ አይደለም። የሳሳው አየር አቧራውን ብቻ ሳይሆን የጭስ ማውጫውን ጭስም ያስገባል። በምንም ሁኔታ ሰው ከኋላ አስተኝቶ መንዳት አይገባም።

አየር ማስወጣት፣ ዋናው ጉዳይ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ጅማ ላይ አልጋ የሚያበላሸውም፣ ቡና የሚያሻግተውም ይህ ስለሆነ።

የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲሆን ነው በደህና የሚቀመጠው። እርጥብ አየር ያለበት ቦታ ካደረ መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ ካኖፒው ውስጥ ናሙና የምትይዙ ሰዎች ለራሳችሁ ጤና ብቻ ሳይሆን ለዕቃችሁም ስትሉ አየር አስወጡ።

የመጀመሪያው ምርጫ የሚንሸራተት የጎን መስታወት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ዝናብ ሲመጣ መዝጋት የግድ ይሆናል፤ አየር በጣም የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። መስታወቱ ላይ እንደ ቆብ ወጣ ያለ የዝናብ መከላከያ ካስደረጋችሁ ግን ሁለት ጣት ያህል ከፍታችሁ ማደር ትችላላችሁ። ከላሜራ ቁራጭ የሚሠራ ርካሽ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ በንፋስ የሚሽከረከር ማስወጫ ነው። መብራት አይፈልግም። ግን የሚሠራው ንፋስ ሲኖር ነው፤ ከጫካ ሥር ባለ የቡና ማሳ ውስጥ ሌሊት ንፋስ የለም። ጣሪያውንም መብሳት ይጠይቃል። ጣሪያ ላይ የተበሳ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ያፈስሳል ብላችሁ አስቡ።

ሦስተኛው የኔ ምርጫ ነው። ከኮምፒውተር ጠጋኞች የምትገኝ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ማራገቢያ። በ12 ቮልት ትሠራለች፣ የምትበላው 0.2 አምፔር ገደማ ነው። 8 ሰዓት ሙሉ ብታድር 1.6 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ የመኪናው ባትሪ አይሰማውም። ድምጿም እንቅልፍ አይነሳም። ከኋላው ግድግዳ ላይ ከፍ ብላ፣ አየር ወደ ውጭ እንድትገፋ ተደርጋ ትገጠማለች። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ዝቅ ብሎ የአየር መግቢያ ይኖራል። መግቢያው ከታች፣ መውጫው ከላይ። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ማራገቢያዋ የምታግዘው በተፈጥሮ የሚሄደውን ነው። ሁለቱንም ከላይ ያደረገ ሰው አየሩን ጣሪያ ሥር ብቻ ያዞረዋል፤ የተኛበት ቦታ እንደታመቀ ያድራል።

መግቢያና መውጫው ሁሉ ወንፊት ይደረግበት። ጅማ ከተማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ የትንኝ ነገር ቀለል ይላል። ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ዳርቻ ወይም ወደ ጊቤ በረሃ የምትወርዱ ግን የወባ ትንኝ አለ። ወንፊቱ ከቀረ ማራገቢያዋ ለትንኝ በር ከፈተች ማለት ነው።

ጣሪያውን ከውስጥ መሸፈንን በተመለከተ ሰው የሚመርጠው ከሦስቱ አንዱን ነው፤ ምንም አለማድረግ፣ ምንጣፍ መለጠፍ፣ ወይም አየር የማያሳልፍ ፎም መለጠፍ። ምንም ካልተደረገ እንደኔ ኅዳር ይሆናል። ምንጣፍ ያምራል፣ ጠብታውንም ይይዛል። ግን የያዘውን አይለቅም፤ በክረምት ይሻግታል፣ ይሸታል። የሚሻለው የስፖርት ምንጣፍ የሚሠራበት ዓይነት፣ ውሃ የማይጠጣ ፎም ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። በማስቲሽ ሙሉ በሙሉ ይለጠፍ፤ ከጀርባው አየር የቀረበት ቦታ ውሃ ያቁራል። ፎም አየር ማስወጫን አይተካም። ማራገቢያው አለኝ ብሎ ፎም የተወ ሰው ደህና ያድራል፤ ፎም አለኝ ብሎ ማራገቢያ የተወ ግን ይረጥባል።

አልጋው

የባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ የኋላ ወለል ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱም እንደዚያው። በጎማ ሽፋኖቹ መካከል ግን 1.1 ሜትር ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፎ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛ አዋቂ ሰው የለም። ይህን ሳይለካ ፍራሽ የገዛ ወዳጅ አለኝ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ አልጋውን ከጎማ ሽፋኖቹ ከፍታ በላይ አንሱትና ሰያፍ ተኙ። ካሬው ከጥግ እስከ ጥግ ወደ 2.1 ሜትር ነው። ቁመታችሁ 1.80 ቢሆን እንኳ ትዘረጋላችሁ። ከአልጋው ሥርም የዕቃ ቦታ ይተርፋል።

ሁለት ከሆናችሁ ሰያፍ አይሠራም። ያኔ የኋላውን መዝጊያ አውርዳችሁ አልጋውን በላዩ መቀጠል ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በአጠቃላይ 2 ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ከኋላ ያለው ክፍት ቦታ በሸራ ቀሚስ መከደን አለበት። የኋላው መስታወት ተነስቶ እንደ ጣሪያ ይሆናል፣ ሸራው ከሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሦስት ጎኑን ይሸፍናል። ለዝናብ ይሠራል፤ ንፋስና ዝናብ ሲደባለቁ ግን እግር በኩል መርጠቡ አይቀርም። ከልጅ ጋር የምትጓዙ ከሆነ ልጁ በጋቢናው በኩል ይተኛ።

እንጨቱ ላይ ጅማዎች ዕድለኞች ነን። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ቀላልና የማይጣመም ነው፣ ለመላግም ይመቻል። የጅማ አናጢ በዋንዛ ያደገ ነው። ብቻ ዋንዛ ከመንግሥት ደን መቁረጥ የተከለከለ ዛፍ ስለሆነ ደረሰኝ ከሚሰጥ ነጋዴ ግዙ። ግራቪላ በመካከል ያለ ጥሩ ምርጫ ነው፤ የቡና ጥላ ሆኖ በየጓሮው ስለሚተከልም ይገኛል። ለላይኛው ጠፍጣፋ ኮምፔርሳቶ ከሆነ የምትጠቀሙት 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ሙሉው 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትሩ ከ30 ያልፋል። ጠርዙን በቨርኒሽ ሦስት ጊዜ ቅቡ፤ ኮምፔርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ፍራሹ ሥር አየር እንዲዘዋወር ጠፍጣፋው ላይ አውራ ጣት የሚያክል ቀዳዳ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ብሱ። ካልሆነ ፍራሹ ከሥሩ ይሻግታል።

ተንሸራታች መሳቢያ ብዙ ሰው ይመኛል። እኔ አልመክርም። ክብደት ነው፣ ማንሸራተቻው ውስጥ ቀይ አፈር ይገባና ይነክሳል። ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ያንኑ ይሠራሉ፤ ቤት ስትደርሱ ደግሞ ተሸክማችሁ ትገባላችሁ። ለመቀመጫም ከሚታጠፈው ወንበር ይልቅ የጅማ በርጩማ ያዙ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ሦስት እግር ደግሞ ያልተስተካከለ መሬት ላይም አይንቀጠቀጥም።

መብራት፣ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል?

መልሱ አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ፍሪጅ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት 40 ዋት ሰዓት። ሁለት ስልክ 30። ማራገቢያዋ ለ8 ሰዓት 20 ያህል። ድምሩ 90 ዋት ሰዓት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል 7.5 አምፔር ሰዓት። የመኪናው የራሱ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 70 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። አንድ ሌሊት ይህን ያህል ብትወስዱበት ጠዋት ሞተሩ ይነሳል፤ ባትሪው ያላረጀ ከሆነ። ለጥንቃቄ ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱ የሚቆርጥ ትንሽ መሣሪያ ግጠሙ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ለሁለተኛ ባትሪ ገንዘብ አታውጡ።

ፍሪጅ ካላችሁ ነገሩ ይለወጣል። ትንሽ የመኪና ፍሪጅ በቀን ከ30 እስከ 40 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ያኔ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው። ተራው የሊድ አሲድ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ግን ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከተራገፈ ቶሎ ይሞታል። 100 የተጻፈበት የሚሰጣችሁ 50 ነው። ሊትየም ውድ ነው፤ ከ100 ውስጥ 80 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። በየሳምንቱ የምትወጡ ከሆነ ሊትየም ዋጋውን ይመልሳል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ከሆነ ተራው ይሻላል።

ሶላርን ስንመርጥ ወቅቱን እናስብ። በበጋ 100 ዋት ፓነል ፍሪጁን ይዞ ይቆማል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሥር ግን ከዚያ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚሰጠው። የቡና ጥላ ሥር ካቆማችሁትማ ጭራሽ። ስለዚህ ጅማ ላይ ዋናው ኃይል መሙያ ዲናሞው ይሁን፣ ሶላሩ አጋዥ።

ገመዱ ላይ አትቆጥቡ። ከሞተር ክፍል እስከ ኋላ 5 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 10። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ 10 አምፔር ሲያልፍ 0.7 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይጠፋል። በ6 ሲሆን 0.3 ብቻ። 0.7 ቮልት ከጠፋ ፍሪጁ ባትሪው ያለቀ መስሎት ይጠፋል። ፊውዙም ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ውስጥ ይሁን። ኋላ ላይ የተገጠመ ፊውዝ ዕቃውን ይጠብቅ ይሆናል፤ በመካከል ያለው ገመድ ተልጦ ላሜራ ቢነካ ግን እሳቱን አያቆመውም።

ፖርቶ መጋላ

የፋይበር ካኖፒ ጣሪያ ላይ ፖርቶ መጋላ የምታስሩ ሰዎች አምራቹ የጻፈውን የክብደት ገደብ አንብቡ። መኪናው ቆሞ የሚሸከመውና እየሄደ የሚሸከመው አንድ አይደለም፤ በኮረኮንች ላይ ሲዘልል ክብደቱ ይበዛል። ፍራሽና ቀላል ዕቃ ከላይ ይሁን። ውሃ፣ ጀሪካን፣ ስኮርት ጎማ ታች ይቀመጥ። የጣሪያ ድንኳን የሚያስቡ ሰዎች በላሜራው ካኖፒ ይሥሩት፤ ድንኳኑን የሚሸከመው ላሜራው ሳይሆን አጥንቱ እንዲሆን በያጁን አስቀድመው ይንገሩት።

ቡና የት ይፈላ?

ጅማ ላይ ይህ ሳይነሳ አይቀርም። ከሰል ወደ ካኖፒው ውስጥ አይግባ። በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም፣ «አንዴ ብቻ» ቢባልም አይግባ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ይመጣል፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ሰውን እንቅልፍ ላይ እያለ ይገድላል። የፈካ የመሰለ ፍምም ሌሊቱን ሙሉ ይለቀዋል፤ ለማሞቂያ ብሎ ማስገባትም ያው ነው።

ትንሿ የጋዝ ምድጃ ለዝናብ ቀን ትሻላለች፤ እሷም ብትሆን የወረደው የኋላ መዝጊያ ላይ፣ ውጭ። ከሰል ለወደዱ፣ እኔም ከነሱ ነኝ፣ ምድጃውን ከመኪናው ሁለት እርምጃ አርቁት፣ ንፋሱ ከመኪናው ወደ ምድጃው በሚነፍስበት በኩል። የኋላው መስታወት ተነስቶ ለተቀመጠው ሰው ጥላ ይሆናል። ጀበናው ሲወጣ ሲኒው መዝጊያው ላይ ይደረደራል፤ በርጩማው ከሥር። እንቅልፍ ሲመጣ ፍሙ ውሃ ይፈስበታል፣ ማራገቢያዋ ትበራለች።